እናቴን ኢንሹራንስ ላስገባ ስል ሶሻሏ ላይ ቆምኩ፣ 34 መልስ የመጣበት ጥያቄ

መነሻው ጽሁፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። እናቴ በግሪን ካርድ ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው፣ 61 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት፣ ለሜዲኬር፣ ለአዛውንቶች ለሚሰጠው የመንግስት ኢንሹራንስ፣ ዕድሜዋም አይደርስ፣ እዚህ ሀገር የሠራችበትም ጊዜ የለ። ኖቬምበር 1 ምዝገባ ሲከፈት ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በሚባለው የፌደራል መንግስት የኢንሹራንስ መግዣ ዌብሳይት ላይ ልሞላላት ከሥራ መልስ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልን። ስሟን፣ የልደት ቀኗን፣ አድራሻችንን ጻፍኩ። ሶሻል (በአሜሪካ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ እናቴ እጄን ያዘችው። ሶሻል ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ዳዊቷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፣ እኔ ራሴ እንኳን ስፈልገው አስፈቅጄ ነው የማወጣው። እዛ ላይ ከተጻፈ ማን ማን እንደሚያየው ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ይሄ ዌብሳይት በ2013 ሲጀመር እንዴት እንደተበላሸ ሁላችንም ሰምተናል፣ ከዛ ወዲህ ደሞ እዚህ ተሰረቀ እዚያ ወጣ ሲባል ነው የኖርነው። በኔ እምነት የሰው ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ አይደለም፣ ምክንያት አለው። ግን ፈርቶ ያለ ኢንሹራንስ መቀመጥም አለ፣ እኔ በነርስ ረዳትነት ስለምሠራ አንድ ሌሊት ኢመርጀንሲ መግባት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በዓይኔ ነው የማየው። እናንተ አስገብታችኋል? ምን ገጠማችሁ?

የመጡት መልሶች

ይሄን ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ 34 መልስ መጣ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ የተባለውን በተራው አስቀምጣለሁ፣ የሰው ጽሁፍ እንዳለ አልገለብጥም፣ በራሴ አፍ ነው የምናገረው።

ቁጥር 1 እናቴን መርቆ ጀመረ፣ ከዛ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚሁ ዌብሳይት ኢንሹራንስ እንደሚገዛና አንድም ነገር እንዳልደረሰበት ነገረኝ። ቁጥር 2 ሃሳቡን ደግፋ አንድ ነገር አስተካከለች፣ እሷ ያለችው ቨርጂኒያ ነው፣ ቨርጂኒያ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የራሷ ዌብሳይት አላት፣ ሜሪላንድም ዲሲም የየራሳቸው አላቸው፣ ስለዚህ የመንግስት ዌብሳይት ስንል የትኛውን እንደሆነ እየለየን እንድናወራ ጠየቀች። ልክ ናት። እኛ ቴክሳስ ያለነው የፌደራሉን ነው የምንጠቀመው።

ቁጥር 3 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ዲሲ የሚኖር ሰው ነው፣ ለቁጥር 1 ቆጣ ብሎ ነው የመለሰለት፣ ምንም አልደረሰብኝም ማለት ምንም አልተወሰደብኝም ማለት እንዳልሆነ አስረዳው። ማርች 2023 ዲሲ ሄልዝ ሊንክ ከሚባለው የዲሲ የኢንሹራንስ ገበያ የ56,415 ሰው መረጃ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ቀርቧል። ስም፣ ሶሻል፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ዘር፣ ዜግነት። የኮንግረስ አባላትና ሠራተኞቻቸው ሳይቀሩ ነበሩበት፣ ምክንያቱም እነሱም ኢንሹራንሳቸውን የሚያገኙት በዛው በኩል ነው። እንዴት ወጣ ለሚለው ደሞ ልቤን ያደማው እሱ ነው፣ የተለየ ችሎታ ያለው ሌባ እንኳን አላስፈለገም፣ አንድ ሰርቨር ከ2018 ጀምሮ በስህተት ክፍት እንደተተወ ነው የኖረው። ይሄንን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሷ ኤፕሪል 2023 ኮንግረስ ፊት ቀርባ ተናግራ ይቅርታ ጠይቃለች። መረጃቸው ለወጣባቸው የሦስት ዓመት የክሬዲት ክትትል (በስማቸው ሌላ ሰው ሲበደር የሚያሳውቅ) በነፃ ተሰጣቸው።

የሰውየው ንዴት እዚች ሦስት ዓመት ላይ ነው። በቤተሰብ ኢንሹራንስ የሚገቡ ልጆች አሉ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሶሻሉ ዛሬ ቢሸጥ የሚያውቀው 18 ሞልቶት የመጀመሪያ ክሬዲት ካርዱን ሲጠይቅ ነው፣ ያኔ ክትትሉ ካበቃ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ፓስወርድ ይቀየራል፣ ሶሻል ግን አብሮ ነው የሚቀበረው። ይሄን ሳነብ ማታ ነበር፣ ተነስቼ የልጆቼን ክፍል አይቼ ተመለስኩ።

ቁጥር 4 ረጋ ያለ ሰው ነው፣ የዲሲው ሌላ የፌደራሉ ሌላ መሆኑን ተናግሮ የፌደራሉን ታሪክ ዘረዘረ። ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግቦ የጨረሰው ስድስት ሰው ብቻ ነበር፣ የደህንነት ፍተሻውም ሳያልቅ ነው የተከፈተው። ጁላይ 2014 ላይ ሃከር ገብቶበት ጎጂ ፕሮግራም አስቀምጦ ሄዷል፣ ግን የገባው ለሙከራ ብቻ ወደሚያገለግል ሰርቨር ነበር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ፓስወርድ እንኳን አልተቀየረም ነበር፣ የማንም ሰው መረጃ አልተወሰደም። የሱ ድምዳሜ ከዛ ወዲህ ትምህርት ተወስዷል የሚል ነው።

ቁጥር 5 ተቃወመችው። በጨዋነት ነው ግን አልማረችውም። ኦክቶበር 2018 ላይ ከዚሁ ከፌደራሉ ሲስተም የ75,000 ሰው ያህል ፋይል መነካቱን ቁጥር 4 እንዴት እንደዘለለው ጠየቀችው። የተገባው እኛ በምንገባበት በር ሳይሆን ኤጀንቶችና ብሮከሮች ሰው በሚመዘግቡበት በር ነው። ለሰዎቹ በደረሰው ደብዳቤ መሠረት ሊታይ ይችል የነበረው ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የሶሻል የመጨረሻዎቹ 4 ቁጥሮች፣ ገቢ፣ የቤተሰብ ዝምድና፣ ዜጋ ወይስ ስደተኛ የሚለው፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት ቁጥር፣ እርጉዝ መሆን አለመሆን ሁሉ ነበር። የባንክ ቁጥርና የህክምና ታሪክ አልነበረበትም። አክላም ማመልከቻው ራሱ የህመም ታሪክ እንደማይጠይቅ ጻፈች፣ ከ2014 ጀምሮ ቀድሞ በነበረ ህመም ምክንያት ማንንም መከልከል ወይም ዋጋ መጨመር በህግ ስለተከለከለ። እዚህ ላይ ላመሰግናት እፈልጋለሁ፣ እናቴ ግፊቷ ተመዝግቦ የሚቀርባት መስሏት ነበር፣ ሳነብላት ፊቷ ፈታ አለ።

ቁጥር 6 አጭር ነው። በ2017 የሰውን የብድር ታሪክ ከሚይዘው ከኢኩፋክስ የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጥቷል፣ በ2024 የህክምና ክፍያዎችን የሚያስተናግደው ቼንጅ ሄልዝኬር ሲጠቃ ወደ 190 ሚሊዮን ሰው ተነክቷል፣ ሁለቱም የግል ድርጅቶች ናቸው፣ ስለዚህ ሶሻላችን ድሮ ወጥቷል፣ አስገቡና አርፋችሁ ተኙ ነው የሱ ነገር። ቁጥር 7 እና 8 ተነሱበት። ቁጥር 7 ቤቱ አንዴ ተዘርፏልና በሩ ክፍት ይደር እንደማለት ቆጠረው፣ ቁጥር 8 ግን ስድብ ጨመረበት፣ እሱን አልደግመውም። እኔም ቁጥር 6 ጋ አልስማማም፣ እናቴ እኮ ሶሻሏን ያገኘችው በቅርቡ ነው፣ 2017 ላይ ሶሻል የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም ነበር። ገና ያልወጣ ቁጥር አለ፣ የአዲስ መጪዎች አለ፣ የልጆች አለ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ቁጥር 9 ነው፣ ሂውስተን ነው ያለው፣ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ነው። ሁሌ ከሚገዛበት ፋርማሲ ሄዶ ሲሰለፍ ፋርማሲስቷ ደጋግማ ከፈለገች በኋላ ስክሪኑን ወደሱ አዞረችለት። ኢንሹራንሱ ባለፈው ወር አልቋል፣ በስሙ ሌላ ኩባንያ ሌላ ፕላን ተከፍቷል። እሱ ምንም አልቀየረም። የሱ ሀኪም አዲሱ ፕላን ውስጥ የለችም። የዛን ቀን ኢንሱሊኑን ከኪሱ ከፍሎ ገዛ፣ የሳምንቱን ብቻ፣ ለወሩ የሚሆን አልያዘም ነበር። ቤቱ ገብቶ ሲያስብ ነው ነገሩ ትዝ ያለው፣ ፌስቡክ ላይ ለአስቤዛ የሚሆን የስጦታ ካርድ በነፃ የሚል ማስታወቂያ ነክቶ ነበር፣ ወዲያው አንዱ ደወለለት፣ ደግ ድምፅ ነበረው፣ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ ስቴቱን ጠየቀው። ሶሻሉን አልጠየቀውም፣ ለዛ ነው ያልፈራው። ታክስ ሲያሠራ ደሞ ሁለት 1095-ኤ (በዚህ ዌብሳይት ለተገዛ ኢንሹራንስ የሚላክ የታክስ ወረቀት) መጣለት፣ በአንደኛው ማመልከቻ ላይ እሱ ያልተናገረው ገቢ ተሞልቶ ነበር፣ አሁን ያልተቀበለውን ድጎማ መልስ እየተባለ ይከራከራል።

እኔ ለሶሻሉ ሳጥን ስንቀጠቀጥ ሰውየው ሶሻሉን ለማንም ሳይሰጥ ኢንሹራንሱ ተወሰደበት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው ጥያቄዬ ራሱ የተቀየረብኝ።

ቁጥር 10 ራሱ ኤጀንት ነው፣ አበሻ ነው፣ አስራ አንድ ዓመት ሠርቶበታል፣ በጣም አዝኖ ነው የጻፈው። ከጁላይ 2024 በፊት አንድ ኤጀንት በስም፣ በልደት ቀንና በስቴት ብቻ የማንንም ማመልከቻ ፈልጎ አግኝቶ መቀየር ይችል እንደነበር፣ ኮሚሽን የሚከፈለውም ስሙ ላለበት ኤጀንት በመሆኑ ሌቦቹ በዛ እንደገቡ አስረዳ። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ያለፈቃድ ተመዘገብን ወይም ፕላን ተቀየረብን ያሉ ከ274,000 በላይ አቤቱታዎች ለፌደራሉ መሥሪያ ቤት ደርሰዋል፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር ደሞ 850 ኤጀንቶች ታግደዋል። አሁን አዲስ ኤጀንት ያንተን ማመልከቻ መንካት ከፈለገ አንተ ራስህ መስመር ላይ ሆነህ ሦስታችሁ፣ አንተ፣ ኤጀንቱና ማርኬትፕሌሱ (ማለትም ሄልዝኬር ዶት ጎቭ)፣ አብራችሁ መደወል አለባችሁ፣ ወይም አንተ በራስህ አካውንት ማጽደቅ አለብህ። ምክሩ አካውንታችን ውስጥ ገብተን የማን ኤጀንት ስም እንዳለ እንድናይ ነው። ቁጥር 11 ሰውየውን ደንበኛ ሊለቅም የመጣ ብሎ ዘለፈው። ቁጥር 12 ለኤጀንቱ ቆመለት፣ ቁጥር 13 ደሞ በየሬስቶራንቱና በየለቅሶ ቤቱ ታብሌት ይዘው ሰው የሚመዘግቡትን አነሳ፣ እዛ ላይ ሦስቱ ተጣሉ። እኔ ለቁጥር 10 አዝኜለታለሁ፣ ስሙን ሳይናገር ስልኩን ሳይጽፍ ነው ያን ሁሉ ያስረዳን። ግን ቁጥር 13ም እውነቱን ነው። እኛ ሰው ስናምን የምናምነው አማርኛ ስለተናገረን ነው፣ ሶሻላችንን ዌብሳይት ላይ መጻፍ ፈርተን ለማናውቀው ሰው ፎቶ አንስተን በቫይበር እንልካለን። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ለታክስ ሠሪ የባሌንም የልጆቼንም እንደዛ ልኬያለሁ፣ ያ ፎቶ እስከዛሬ የማን ስልክ ውስጥ እንዳለ አላውቅም።

ከቁጥር 14 በኋላ ክሩ፣ ውይይቱ ማለቴ ነው፣ ከበደ። ጸሃፊዋ በቀጥታ ተናገረችው፣ የሷ ሰፈር ሰው ሃከር አይደለም የሚፈራው፣ ሰው ይዞ ከሀገር የሚያስወጣውን የኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ አይስን ነው። በ2013 አይስ ራሱ ለጤና ኢንሹራንስ የተሰጠን መረጃ ሰውን ለማስወጣት እንደማይጠቀምበት በጽሁፍ ቃል ገብቶ ነበር። በ2025 ግን የሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግስት ኢንሹራንስ) መረጃ ለኢሚግሬሽን ተላልፎ ተሰጠ፣ ጁላይ ላይ ደሞ አይስ የ79 ሚሊዮን የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎችን መረጃ እንዲያይ የሚያደርግ ስምምነት መፈረሙ ታወቀ። ኦገስት ላይ ካሊፎርኒያ ያለ የፌደራል ዳኛ ለጊዜው አገደው፣ ግን ያኔ እግዱ የሚመለከተው የከሰሱትን 20 ስቴቶች ነበር፣ ቴክሳስ ከከሳሾቹ ውስጥ አልነበረችበትም። ቁጥር 15 ይሄን ፖለቲካ ብሎ ሊያስቆማት ሞከረ። ቁጥር 16 ግን ቁምነገር ያለው እርማት አመጣ፣ የተላለፈው የሜዲኬይድ ነው፣ እኔ የጠየቅኩት ስለማርኬትፕሌስ ነው፣ እናቴ ደሞ ግሪን ካርድ አላት። በተጨማሪም ኢንሹራንሱን ለራሱ የማይጠይቅ የቤት ሰው የኢሚግሬሽን ሁኔታውን እንዲናገር አይጠየቅም፣ እናትና አባት ለልጃቸው ብቻ ማመልከት ይችላሉ።

እርማቱ ልክ ነው፣ ግን ቁጥር 17 የመለሰችለት ውስጤ ቀረ። መረጃውን ስንሰጥ የነበረው ቃልና መረጃው ከተሰጠ በኋላ ያለው ቃል ከተለያየ፣ ነገ ደሞ የማርኬትፕሌሱ ተራ እንደማይሆን ማን ዋስ ይሆናል ነው የሷ ነገር። ለዚህ ማንም መልስ አልሰጠም፣ እኔም የለኝም። ሃከር ቢሰርቅ ደብዳቤ ይመጣል፣ ይቅርታ ይባላል፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው ሲሰጥ ግን ለአንተ የሚደርስህ ነገር የለም፣ በዜና ነው የምትሰማው።

ከ18 እስከ 22 ያሉት ወጣ አሉ። አንዱ ከአዲስ አበባ ገብቶ ስለ ፋይዳ፣ ስለ ኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ፣ አነሳ፣ የአስር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን መስጠቱን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢወጣም አካባቢው ያለ ሰው ስለ አዋጁ እንደማያውቅ ጻፈ፣ ለብቻው ክር ቢከፈትበት ጥሩ ነው። ሌሎቹ ስለ ፕሪሚየም፣ ስለ ወርሃዊ ክፍያው፣ ነው ያወሩት፣ ተጨማሪው ድጎማ በ2025 መጨረሻ ስላበቃ ዋጋው ስለመጨመሩ፣ አንዷ ስለ ደም ግፊትና ነጭ ሽንኩርት።

ቁጥር 23 ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ እሷን የምትመስል ሰው በየክሩ ቢኖር ጥሩ ነበር። ክሬዲት ፍሪዝ ማድረግ፣ ማለትም በስምህ አዲስ ብድር እንዳይከፈት መዝጋት፣ ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በነፃ ነው፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ጋ ለየብቻ ነው የሚደረገው፣ አንዱ ጋ ማድረግ ሌላውን አይዘጋም። ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ደሞ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ 6 አሃዝ ፒን መጠየቅ ይቻላል፣ ያ ፒን ከሌለ ሌላ ሰው በሶሻልህ ታክስ ኢ-ፋይል ማድረግ አይችልም፣ ከ2021 ጀምሮ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ቁጥር 24 ይሄ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ምን ይጠቅመዋል ብሎ መረር አለ። ቁጥር 25 እና 26 የማርኬትፕሌሱ ስልክ አስተርጓሚ በነፃ እንዳለው፣ ገና እንዳነሱት አማርኛ ማለት ብቻ እንደሚበቃ ነገሩት።

ቁጥር 28 ያመጣው ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ጃንዋሪ 2015 ላይ አሶሽየትድ ፕሬስ ባወጣው ዘገባ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ላይ የሞላነው ዕድሜ፣ ገቢ፣ ዚፕ ኮድ፣ ማጨስ አለማጨስ፣ እርግዝና ሁሉ ከገፁ ጋር ተያይዘው ለነበሩ የማስታወቂያና የዳታ ድርጅቶች ይሄድ እንደነበር ታውቋል፣ ጩኸት ሲበዛ በቀናት ውስጥ ቀነሱት። ከዛ በኋላ ያሉት ምርቃትና አመሰግናለሁ ናቸው፣ ቁጥር 32 ከቁጥር 8 ጋር ያላለቀ ፀብ ነበረበት፣ ቁጥር 34 ደሞ መጨረሻ ላይ እኔ ምን እንደወሰንኩ ጠየቀችኝ።

እነግርሻለሁ። ቅዳሜ ማታ እናቴን አስቀምጬ የጠየቀችኝን መለስኩላት፣ ማን ማን እንደሚያየው በጣቴ እየቆጠርኩ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የሷ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ታክስ መሥሪያ ቤቱ ገቢያችንን፣ ሆምላንድ ሴኩሪቲ ግሪን ካርዷን ያረጋግጣል፣ ከዛ የምንመርጠው ኢንሹራንስ ኩባንያ ያያል፣ ኤጀንት ካስገባን ኤጀንቱ ያያል፣ ስለዚህ አናስገባም። ስለ ሜዲኬይዱም ደብቄ አላለፍኩም። ዝም ብላ ሰማችኝና ሆምላንድ ሴኩሪቲ ግሪን ካርዱን ራሱ አይደል የሰጠኝ፣ እሱማ ያውቀኛል አለች። ተነስታ ዳዊቷን አመጣች፣ ፌስታሉን ፈታች፣ ቁጥሩን እሷ እያነበበች እኔ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ማንነት ማረጋገጫ መጣ፣ ጥያቄዎቹ ከክሬዲት ፋይል ነው የሚመጡት፣ የቀድሞ አድራሻ፣ የመኪና ብድር ምናምን። እናቴ ክሬዲት የላትም፣ ሲስተሙ አላወቃትም፣ በስልክ ደውለን ከዛ የግሪን ካርዷን ፎቶ እዛው አካውንቱ ውስጥ ጫንኩ። ፎቶውን ከስልኬ አጠፋሁ፣ ከጠፉት ውስጥም ገብቼ አጠፋሁት። ሦስት ቀን ቆይቶ አለፈ፣ ፕላን መረጥን፣ ኤጀንት የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየሁ፣ የኔንና የባሌን ክሬዲት ሦስቱም ጋ ፍሪዝ አደረግኩ።

ለ2026 ኢንሹራንስ ከጃንዋሪ 1 እንዲጀምር እስከ ዲሴምበር 15 መጨረስ ነበረበት፣ ምዝገባው ራሱ ጃንዋሪ 15 ነው የተዘጋው። ቁጥር 9፣ ኢንሱሊኑን አሁን በምን እያገኘህ ነው? የታክሱ ነገር ሲስተካከል እዚሁ ጻፍልን።